ሦስተኛው አሸዋ

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያየችውን ኬዛያ የቀለም እድፍ ነው ብላ አለፈችው። በሁለተኛው ላይ ደመና መሰላት። ሦስተኛውን ባርናቢ ከማተሚያው ድንጋይ ላይ ቀስ አድርጎ ሲያነሣው ግን፣ እሷ ምንም ባልሣለችበት ሰማይ ላይ ሁለት ዓይኖች ቁልቁል እያዩ ነበር።

ባርናቢ ሠላሳ ዓመት ያተመ፣ በቀላሉ የማይደነግጥ ሰው ነው። ወረቀቱን ወደ ጋዝ መብራቱ አስጠጋው። የኅዳር ጉም የለንደኑን ክለርከንዌል ሰፈር ከማለዳ ጀምሮ ስለዋጠው ገና በእኩለ ቀን መብራት በርቷል።

«እሜቴ» አላት። ሊቀልድባት ሲፈልግ ነው እንዲህ የሚጠራት፤ አሁን ግን በድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «የሣልሽው ሙሽራዋን ብቻ አልነበረም እንዴ?»

«ሙሽራዋን ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ይሄ ሰውዬ ሳይጠሩት ነው የመጣው። ተመልከቺው፤ በየወረቀቱ እየቀረበ ነው።»

ኬዛያ ስትራድዊክ ወረቀቱን ተቀበለችው። ሥራው «የወንዙ ዳር ሙሽራ» የተባለ አዲስ ዘፈን የኖታ ወረቀት ሽፋን ነው። በየቤቱ ፒያኖ ያላቸው ልጃገረዶች ዘፈኑን ከዜማው ይልቅ ለሽፋኑ ሥዕል ስለሚገዙት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በድንጋዩ ላይ ተጎንብሳ ከርማለች፤ ወንዙን፣ ሸምበቆውን፣ ነጭ የለበሰችውን ሴት። ከሴትየዋ በላይ ያለውን ሰማይ ባዶውን ነበር የተወችው።

«ድንጋዩ በደንብ አልተፋቀ ይሆናላ» አለች።

«አባትሽ ያለሰለሰው ድንጋይ? የቅዱስ ጳውሎስ ጉልላት ተሰረቀ ብትዪኝ አምንሽ ነበር።»

የኖራ ድንጋይ ቅባት ይጠጣል። በቅባት እርሳስ የተሣለው ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ዘፈኑ ታትሞ ሲያበቃ ድንጋዩ ወደ ምድር ቤት ይወርድና ሦስት ዙር በአሸዋና በውሃ ይፋቃል፤ ነጭ ሆኖም ለሌላ ዘፈን ይመለሳል። አፋፋቁ ካልጠለቀ ግን የጠጣው እዚያው ይቀራል፤ ዓመታት ቢያልፉም አዲስ ቀለም ሲነካው ከሥር ይነሣል። ኬዛያ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ዓይኗ ግን ድንጋዩን ትቶ በሰውየው ግራ ቅንድብ ላይ ያለችውን ቀጭን ጠባሳ ይመለከት ነበር። ያችን ጠባሳ የሣለቻት እሷው ናት። ያን ጊዜ ባለጠባሳው ሰው እየሳቀ፣ አፉን ከፍቶ እየዘፈነ፣ ረጅም ባርኔጣ አድርጎ ነበር። አሁን ባርኔጣውም ሳቁም የሉም። የተመለሱት ዓይኖቹና የተዘጋ አፉ ብቻ ናቸው።

ኦብሪ ፌንዊክ ሞቷል ተብሎ ድንጋዩ ከተፋቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ኬዛያ መፍራት ሲገባት ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ፈራች።

*

መጀመሪያ ያየችው በመስተዋት ላይ ነው። አዳዲስ ዘፈኖች በየሐሙሱ በሆልበርን ዜማ ሻጮች መስኮት ላይ ይሰቀላሉ፤ እሷም ሥራዋ ከመንገዱ ወዲያ ምን እንደሚመስል ለማየት በየሐሙሱ ትሄድ ነበር። አንድ ሐሙስ በመስኮቱ መስተዋት ላይ፣ ከፎቶግራፍ አይታ ከሣለችው ፊት ከፍ ብሎ፣ ያው ፊት ሌላ ሆኖ ታያት።

«አገጬን አሳምረውልኛል» አላት ከኋላዋ ቆሞ። «ሥዕሉን እናቴ ብታየው የማን ልጅ ነው ትላለች።»

«እኔ መሆኔን በምን አወቁ?» አለችው ሳትዞር።

«ጣትዎ ጥቁር ነው። ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሰው ዘፈኑን ሳይሆን የሰማዩን ቀለም የሚሳደብ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ኦብሪ በሙዚቃ አዳራሽ «ሻምበል ፒም» በሚል ስም ይዘፍን ነበር። ብዙ ዘፋኞች የሀብታም ልጅ መስለው መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ዳሩ የዳቦ ጋጋሪና የተሸካሚ ልጆች ናቸው። ኦብሪ ግን የእውነት የዳኛ ልጅ ነው። ከላይ ሰገነት ላይ የሚቀመጡት ጫማ ሰፊዎች ግን «ሀብታም እንዲህ አይራመድም፣ ሂድና ተማር» እያሉ የብርቱካን ልጣጭ ይወረውሩበት ነበር። ይህን ሲነግራት እስኪያነባ ይስቃል።

ለአዲሱ ዘፈኑ ሽፋን ሊሣል ወደ ማተሚያ ቤቱ መጣ። ሦስት ቀን ይበቃው የነበረው ሥራ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ድንጋይ ላይ ሁሉ ነገር በግልባጭ ስለሚሣል፣ ኬዛያ ሥራዋን የምታየው ፊት ለፊቷ ባቆመችው ትንሽ መስተዋት ነበር። እሱ ከኋላዋ ይቀመጣል። ስለዚህ አሥራ አንዱንም ቀን የተያዩት በዚያ መስተዋት ነው፤ ቀና ስትል ዓይኖቹ እዚያ ውስጥ ይጠብቋታል።

መስተዋቱ የእናቷ ነበር። እናቷ ባረፈች ማለዳ አባቷ ያንኑ መስተዋት ወደ አፏ አስጠግቶ ብዙ ጠበቀ፤ በትንፋሽ አልደበዘዘም። ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ የሚያይበት ሰው ስለጠፋ ኬዛያ ወደ ሥራ ቦታዋ ወሰደችው።

«በግልባጭ መጻፍ አስተምሪኝ» አላት አንድ ቀን። እስከዚያ አንቱታው ጠፍቶ ነበር።

«ምን ያደርግልሃል?»

«አባቴ ደብዳቤዬን ሁሉ ያነባል። በግልባጭ ከጻፍኩ ደብዳቤውን ወደ ግድግዳው መስተዋት አዙሮ ሲታገል አየዋለሁ።»

አስተማረችው። ስሟን ሃያ ጊዜ ጻፈ፤ ሃያውም ጊዜ እንደ ሕፃን ጽሑፍ ተንጋደደ።

ከዚያ አንድ ሰኞ ሳይሰናበታት ቀረ። ማክሰኞ ማለዳ እህቱ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷን በጥቁር ሻሽ ሸፍና መጣችና ከማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከሚስተር ታሌት ጋር ቆማ ተነጋገረች። «ወንድሜ ከእንግዲህ አይዘፍንም» ስትል ሁሉም ሰማ። «ፊቱ በየመስኮቱ እንዲሰቀል ቤተሰባችን አይፈልግም። ድንጋዮቹ ይፋቁ።» ድንጋዮቹ ወዲያው ወደ ምድር ቤት ወረዱ፤ ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ያንን ጥቁር ልብስ አይቶ ማን ይጠይቃል? ኬዛያም አልጠየቀችም። የምትጠይቅበት ስም አልነበራትም፤ እጮኛ አይደለች፣ ዘመድ አይደለች። ባርኔጣዋ ላይ እንኳ ጥቁር ጥብጣብ ማሰር አልቻለችም። ለማን ነው ቢሏት ምን ትላለች?

*

ምድር ቤቱ ውስጥ አባቷ ጀቤዝ ገንዳው ላይ ተጎንብሶ ነበር። ሁለት ድንጋዮችን ፊት ለፊት አጋጥሞ፣ በመካከላቸው አሸዋና ውሃ አድርጎ፣ የላይኛውን ክብ ክብ ያዞረዋል። ሁለቱም ፊታቸውን እርስ በርስ እስኪያጠፉ ድረስ ነው የሚያዞራቸው። ጆሮው ከዚያ ድምፅ ሌላ ብዙም አይሰማም።

ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋችለት።

ድንጋዩ ቆመ። ውሃው ከጠርዙ ጠብ ጠብ ይላል።

«አባዬ፣ ይህን ድንጋይ ስንት አሸዋ ሰጠኸው?»

«ሁለት» አለ።

«ሁልጊዜ ሦስት ነው የምትሰጠው።»

«አርባ ዓመት ሦስት ነው የሰጠሁት። ያን ቀን ሁለተኛውን ጨረስኩና ሦስተኛውን ላፈስ ስል እጄ እምቢ አለኝ።» እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ስምሽ እዚያ ነበር፣ ልጄ።»

«የቱ ጋ?»

«ከሥዕሉ በታች፣ ከጠርዙ ላይ። ማንበብ አልችልም፤ ስምሽን ግን አውቀዋለሁ። በየሥዕልሽ ግርጌ ስታኖሪው አይቼዋለሁ። ይሄኛው የተንጋደደ ነበር፤ ከሥሩ አራት መስመር ነበረበት። ልጥራት አልኩ። ልጥራት አልኩና፣ ሳልጠራሽ የመጀመሪያውን አሸዋ አነሣሁ።»

ኬዛያ የገንዳውን ጠርዝ ያዘች። ቀዝቃዛ ነበር።

«ከመሞቱ በፊት፣ ሰኞ ማታ እኔ ከወጣሁ በኋላ መጥቶ ጽፎልኝ ነበር ማለት ነው።»

ጀቤዝ ቀና ብሎ አላያትም። «እህቱ ጥቁር የለበሰችው ለእናታቸው ነው» አለ። «ረቡዕ ዕለት እሱ ራሱ በዚህ ደረጃ ወርዶ መጣ። ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ። 'ሚስተር ስትራድዊክ፣ ልጅዎ አለች?' አለኝ። የለችም አልኩት፤ አልነበርሽም፣ ታሌት ግሪኒች ልኮሽ ነበር። 'ድንጋዩስ?' አለኝ። 'ድንጋዩ ተፍቋል፣ ጌታዬ' አልኩት። ይህችን ብቻ ነው ያልኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ፊቱ ላይ ደም አልቀረም። አመሰገነኝ። አመሰገነኝ እኮ፣ ልጄ። ከዚያ ወጣ።»

«ሁለት ዓመት» አለች ኬዛያ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ለሞተ ሰው ሳለቅስ አይተኸኛል።»

«አይቻለሁ።»

«አላዘንክልኝም?»

«የዳኛ ልጅ ነው። እንደሱ ያለው ወደ እኛ ሲወርድ ለእሱ የአንድ በጋ ጨዋታ ነው፤ ለሴት ልጅ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ነው። ካለ ሰው ይልቅ የሞተ ቶሎ ይረሳል ብዬ ነው።»

ወረቀቱን ከፊቱ አነሣች። እርጥብ አሸዋ ጠርዙ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ በጣቷ አራገፈችው።

«አልተረሳም» አለች። ልትጮህበት ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ድምፅ ግን የለመደው የእሷ ትንሽ ድምፅ ነበር፤ አባቷም ከጩኸት ይልቅ እሱን መስማት ከበደው።

*

«ቀለም ጨምርበት» አለችው ባርናቢን።

«እሜቴ፣ ድንጋዩ ጠግቧል። ከዚህ በላይ ከሰጠሁት ሥዕልሽ ይታፈናል።»

«ይታፈን።»

«የሦስት ሳምንት ሥራሽ ነው። ታሌት ደግሞ ከሥራ ያባርርሻል።»

«ባርናቢ፣ እባክህ። ጠርዙን ሳትጠርግ አትምልኝ።»

አያት። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲሠሩ እባክህ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። የቀለም መቀቢያውን ሮለር አነሣ።

በአራተኛው ላይ ወንዙ ጠቆረ። በአምስተኛው ላይ ሸምበቆው እርስ በርሱ ተዋሐደ። በስድስተኛው ሙሽራዋ ነጭ ነጥብ ብቻ ሆነች፤ ከበላይዋ ያለው ፊት ግን ውሃ ውስጥ እንደተኛ ሰው ፊት እየጠራ መጣ። በሰባተኛው ወረቀት ከታች፣ ከጠርዙ አጠገብ፣ የሸረሪት ድር የሚያህል ቀጭን ጽሑፍ ተነሣ። የተንጋደደ ነበር። እንደ ሕፃን ጽሑፍ።

ባርናቢ ጀርባውን ሰጣትና መስኮቱን ማየት ጀመረ፤ በመስኮቱ ከጉም በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ኬዛያ። እናቴ ዛሬ ጠዋት አረፈች፤ በዚያ ቤት የሚያስቀረኝ የለም። ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከግሬቭስኤንድ ወደብ ወደ ሜልበርን እሳፈራለሁ። ለሁለት ሰው ቦታ ይዣለሁ። የማትፈልጊ ከሆነ መልስ አትጻፊልኝ፣ ድንጋዩን አስፍቂው፤ ይገባኛል።»

አንብባ ስትጨርስ እንደገና አነበበችው። ድንጋዩ ተፍቋል፣ ጌታዬ። ማንበብ የማይችለው አባቷ ከዓለም ቃላት ሁሉ መርጦ የሰጠው መልስ ይኼ ነበር። ኦብሪም አመስግኖ ሄዷል። በመርከቡ ላይ አንድ ባዶ አልጋ ነበር፤ እሷ በዚያች ሰዓት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለሌላ ዘፈን የሌላ ሰው አገጭ ትሥል ነበር።

አላለቀሰችም። ሁለት ዓመት ያለቀሰችለት ሰው ይኼኛው አልነበረም፤ ለዚህኛው ገና እንባ አላዘጋጀችም።

*

ሚስተር ታሌት ሰባቱን ወረቀቶች በተራ አየ። አጭር፣ ፈጣን፣ ጢሙን የሚያኝክ ሰው ነው።

«ምንድነው ይሄ? ሌሊት ነው ወይስ ከሰል ጎተራ? ሙሽራዬ የት ሄደች? ይሄ ሰውዬስ...» አወቀው። «ይፋቅ። አሁኑኑ። ለቤተሰቡ ቃል ገብቻለሁ።»

ኬዛያ ቆመች። ከአለቃዋ ጋር ከሦስት ቃል በላይ ተነጋግራ አታውቅም።

«ሚስተር ታሌት፣ እርስዎ ባለፈው ወር የሙታን መንፈስ ጠርተው መድረክ ላይ የሚያሳዩትን ሰዎች ሊያዩ ሄደው አልነበር?»

«ሄጃለሁ። ምን አገናኘው?»

«ቦታ አግኝተው ነበር?»

«በሩ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት፤ ሕዝቡ...» ጢሙን ማኘኩን አቆመ። ወረቀቱን እንደገና አነሣ፤ አራቀው፣ አቀረበው።

«ባርኔጣም ሳቅም የለውም» አለች። «ሻምበል ፒም ነው የሚል ሰው አይገኝም። ዘፈኑ በወንዝ ዳር ስለምትጠብቅ ሴት ነው። የምትጠብቀው ሰው ቢታይስ?»

«ባርናቢ፣ አንተ ትገዛዋለህ?»

«ቤቴ አላስገባውም፣ ጌታዬ» አለ ባርናቢ። «ሚስቴ ግን ሁለት ትገዛለች።»

ታሌት ወረቀቱን አስቀመጠ። «ጽሑፉ ይጠረግ። ሙሽራዋን ከጨለማው አውጪልኝ። እስከ ነገ።»

ጽሑፉን ራሷ ጠረገችው፤ ሰባተኛው ወረቀት ግን ታጥፎ ደረቷ ውስጥ ነበር። ቢላ ይዛ ሙሽራዋን ከጥቁሩ ውስጥ ነጭ ነጭ እያደረገች ፈለቀቀቻት። ከዚያ ወደ ሸምበቆው ወረደች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድንጋይ ላይ በቀጥታ ጻፈች፤ ሰው ደብዳቤ እንደሚጽፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ወረቀት ላይ ሲታተም የተገለበጠ ይሆናል፤ ማንም ሰው ቢያየው ነፋስ ያጎበጠው ሣር ነው የሚመስለው። ከአንድ ሰው በቀር።

«ያስፋቅሁት እኔ አይደለሁም። ዛሬ ነው ያነበብኩት። ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ አገጭህን ያሳመርኩበት መስኮት።»

የትኛው ሐሙስ እንደሆነ አልጻፈችም። ሁሉም ነው።

*

ዘፈኑ ከገና በፊት ሦስት ጊዜ ታተመ። በየቤቱ ፒያኖ ላይ ተቀመጠ፤ ሴቶች ማታ ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል ተባለ። በሣጥን ተጭኖ ወደ ደብሊን፣ ወደ ካልካታ፣ ወደ ሜልበርን ሄደ። ኬዛያ የሜልበርኑን ሣጥን ባርናቢ ሲቸነክር ቆማ አየች። ምስማሩ በተመታ ቁጥር ልቧ አብሮ ይመታል።

በየሐሙሱ ሆልበርን ሄደች። አባቷ ምንም አይላትም፤ ሐሙስ ሲሆን ግን ካፖርቷን ከምድጃው አጠገብ ሰቅሎ ያሞቅላታል። መጀመሪያ ላይ ሳታየው ትለብሰው ነበር። በመጋቢት አንድ ቀን «አመሰግናለሁ፣ አባዬ» አለችው፤ ሽማግሌው ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ።

በሰኔ ባርናቢ ሳይፈልግ ነገራት። ኦብሪ በተሳፈረበት ወር ከግሬቭስኤንድ ከተነሡት መርከቦች አንዷ ሜልበርን አልደረሰችም። ስሟን የነገረው መርከበኛ አላስታወሰውም። «አንዷ ናት እኮ» አላት፤ «ሌሎቹ ደርሰዋል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮቱ ላይ ያለው ፊት ሌላ ሆነባት። ድንጋዩ ያመጣው ደብዳቤውን ለማድረስ ይሆን? ወይስ ደብዳቤ የሚላክለት ሰው ከእንግዲህ እንደሌለ ሊነግራት? ያም ሆኖ ሐሙስን አላስቀረችም።

ዓመቱ ዞሮ ኅዳር መጣ። ከጉሙ ብዛት ሠረገሎች በእግረኛ እየተመሩ ይሄዳሉ። በዜማ ሻጩ መስኮት ውስጥ ዘፈኗ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ አሁንም ተሰቅሏል። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት በጉሙ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ሳይሆን እንደ አገሩ ልማድ ሦስት ጊዜ መታ። ኬዛያ ወደ መስተዋቱ ቀረበች።

ከታተመው ፊት በላይ ሌላ ፊት ነበር።

ባርኔጣ አላደረገም። አልሳቀም። አፉ ተዘግቷል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ቅንድቡ ላይ ቀጭን ጠባሳ አለ። ከድንጋዩ የተነሣው ፊት ራሱ፣ መስመር ሳይጎድል፣ ከትከሻዋ በላይ ቆሞ ቁልቁል ያያታል። የእግር ኮቴ አልሰማችም።

አልዞረችም። በዚህ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ዞራ ከኋላዋ ጉም ብቻ አግኝታለች። ካልዞረች ይቆያል፤ እንደ ድሮው በመስተዋት ውስጥ ብቻ ይቆያል።

ዓይኗ ሳታዘው ወደ አፉ ወረደ። ከእሷ አፍ ፊት ለፊት መስተዋቱ በትንፋሿ ደብዝዞ ትንሽ ክብ ሠርቷል። ከእሱ አፍ ፊት ለፊት ግን መስተዋቱ ጥርት ያለ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ። የእናቷን ማለዳ አስታወሰች። አባቷ መስተዋቱን ይዞ የቆመበትን፣ ማንም ሳይናገር የጠበቁበትን። እንደዚያ ቀን መቁጠር ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ፊቱ አልተነቃነቀም። አራት። አምስት። መስተዋቱ አልደበዘዘም።

ስድስት ላይ መቁጠሯን ተወች። ግንባሯን ወደ መስተዋቱ አዘነበለች።

ያን ጊዜ፣ ከትከሻዋ በላይ፣ ብዙ ጊዜ የታፈነ ትንፋሽ ተለቀቀ። እሱም ትንፋሹን ይዞ፣ ትዞር ይሆን ወይስ አትዞርም እያለ ሲጠብቅ ነበር። ጥርት ባለው መስተዋት ላይ ጭጋግ መሰል ነጭ ክብ ወጣ፤ ሰፋ፤ የታተመውን ፊት ሸፈነው፤ ወርዶም ከእሷ ትንፋሽ ጋር ተገጣጠመ።

ኬዛያ አሁንም አልዞረችም። ያችን ሁለት ትንፋሽ የሠራትን ነጭ ክብ ቆማ እያየች፣ በጓንቷ ውስጥ ጣቶቿ ቀስ በቀስ ሲሞቁ ተሰማት።